ማስታወቂያ፣ ግብይትና ፕሮፓጋንዳ፦ የሦስት ስያሜዎች ታሪክና የትርጉም ወሰን

1. መግቢያ

የአንድ ቃል ትርጉም መስፋት ብዙ ጊዜ የቋንቋ ብልጽግና ምልክት ሆኖ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከመጠን በላይ ሲሰፋ በሥሩ የተሰበሰቡትን ነገሮች እርስ በርስ ለመለየት የማይበቃበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እንዲህ ካሉት ቃላት አንዱን፣ ይኸውም «ማስታወቂያ» የሚለውን ነው። በዕድር ቤት ደጃፍ የተለጠፈው የስብሰባ ጥሪ ማስታወቂያ ነው፤ የክፍት የሥራ ቦታና የጨረታ ጥሪ ማስታወቂያ ነው፤ በራዲዮ የሚሰማው የሳሙና ውዳሴም ማስታወቂያ ነው። እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ የመንግሥትን ቃል ለሕዝብ የሚያደርሰው መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሚኒስቴር ይባል ነበር።

የዕድሩ ጸሐፊ፣ ነጋዴውና መንግሥት ሦስቱም «አስታወቁ» ሲባል፣ ሰሚው ማን ምን ፈልጎ እንደተናገረው ከቃሉ ሊረዳ አይችልም። በሌሎች ቋንቋዎች ማርኬቲንግ፣ አድቨርታይዚንግና ፕሮፓጋንዳ እየተባሉ የሚለዩት ሦስት ተግባራት በእኛ ዘንድ ወሰናቸው የተደበላለቀ ነው። ጉዳዩ የቃላት ሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስቸገረ ነበር። ነገር ግን ሕዝብ የተነገረውን የሚመዝነው ተናጋሪውን በመለየት ስለሆነ፣ የስያሜው መደበላለቅ የፍርድ መደበላለቅን ያስከትላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቃላቱ የመጡበትን መንገድ እንከተላለን፤ ቀጥሎም ቋንቋችን ራሱ ያስቀመጠልንን መለያ እናሳያለን፤ በመጨረሻም የስያሜ ሐሳብ እናቀርባለን።

2. ከነጋሪት እስከ ጋዜጣ

ጋዜጣ ከመኖሩ በፊት የመንግሥት ቃል ለሕዝብ ይደርስ የነበረው በአዋጅ ነው። «አዋጅ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ዖደ»፣ ማለትም ዞረ፣ ከሚለው ግስ ጋር የተዛመደ ነው፤ «ዐዋዲ» እየዞረ የሚናገር የመንግሥት መልእክተኛ ነበር። «ነጋሪት» ደግሞ «ነገረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ከበሮው ራሱ ተናጋሪ ሆኖ መሰየሙን ያሳያል። ነጋሪት በተመታ ጊዜ ሰሚው ተናጋሪው ማን እንደሆነ አይጠራጠርም ነበር። «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» የሚለው የተለመደ አነጋገርም ሰሚውን ወደ መልእክተኛነት የሚለውጥ ትእዛዝ እንጂ የሚያባብል ቃል አይደለም። አዋጅ ያዝዛል፤ አያግባባም። በመሆኑም በአዋጅ ዘመን ሕዝብ እንዲታዘዝ ይፈለግ ነበር እንጂ እንዲስማማ አይለመንም ነበር። ነጋሪት የሚለው ስም እስከ ዛሬ የሚኖረው በሕግ ጋዜጣ ርእስነት ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣ መታተም የጀመረው በመጋቢት 1934 ዓ.ም. ነው።

ከአዋጅ ነጋሪው ዝቅ ብሎ ደግሞ «ለፋፊ» ነበረ። ለፈፈ ማለት በአደባባይ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማሰማት ነው፤ በዚህ ቃል መጀመሪያ ላይ ነውር አልነበረበትም። ዛሬ ግን «ልፈፋ» ብንል ሰሚው የሚረዳው ባዶና አሰልቺ ንግግርን ነው። ቃሉ የወረደው በራሱ ጥፋት ሳይሆን በተጠቀሙበት ሰዎች ምክንያት ነው። ይህንን ልብ እንበል፤ በሌላ አገር ቃልም ላይ የደረሰውን ወደ ፊት እናያለንና።

ጋዜጣ ሲመጣ አዲስ ነገር ተፈጠረ። ብርሃንና ሰላምን በመሰሉ ጋዜጦች (ይህኛው መታተም የጀመረው በ1917 ዓ.ም. ነው) አንድ ወረቀት የመንግሥትን ቃል፣ ወሬውን፣ የሊቁን ምክርና የነጋዴውን ጥሪ ጎን ለጎን ሊይዝ ቻለ። ከበሮው ተናጋሪውን ይለይ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ሁሉን በአንድ ዓይነት ፊደል አተመ። «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ሁሉን ጠቅልሎ የመያዝ ዕድል ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው ብለን እናምናለን።

3. የ«ፕሮፓጋንዳ» ቃል ጉዞ

ፕሮፓጋንዳ የላቲን ቃል ነው። ሥሩ የእርሻ ቃል ሲሆን፣ ወይን ተካዮች ሐረጉን ከግንዱ ሳይቆርጡ ወደ መሬት ጎንበስ አድርገው በአፈር ሸፍነው ሥር እስኪሰድ የሚያራቡበትን ዘዴ ያመለክታል። አዲሱ ተክል ለጊዜው የሚኖረው በእናቱ ፈሳሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 15ኛ «ሃይማኖትን ለማስፋፋት» የተሰየመ የካርዲናሎች ጉባኤ አቋቋሙ፤ የጉባኤው የላቲን ስም ሲያጥር «ፕሮፓጋንዳ» ሆነ። ስለዚህ ቃሉ በትውልዱ የስድብ ቃል አልነበረም፤ የሚበቅልና የሚስፋፋ ነገር ስም ነበር።

የዚህ ጉባኤ ታሪክ ከእኛ ጋር በሁለት ወገን ይገናኛል። በአንድ ወገን፣ በ1622 አካባቢ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ የተቀበሉበትና በአገሪቱ ብዙ ደም የፈሰሰበት ዘመን ነበር፤ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት በአዋጅ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ጉባኤው የላካቸው ሁለት የካፑቺን መነኮሳት፣ አጋታንጅና ካስያን፣ እ.ኤ.አ. በ1638 ጎንደር ላይ ተገደሉ። በሌላ ወገን፣ ይኸው ጉባኤ በ1626 በሮማ ባቋቋመው ማተሚያ ቤት በ1631 የግዕዝን ፊደል የሚያስተምር መጽሐፍ፣ በ1638 ደግሞ የያዕቆብ ቬመርስን የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላት አሳተመ። ለመዝገበ ቃላት ሠሪዎች ይህ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ የታተሙ የግዕዝ መዝገበ ቃላት አንዱ «ፕሮፓጋንዳ» የሚል ስም በተጻፈበት ማተሚያ ቤት የታተመ ነው። የሌላውን ልብ ለመሳብ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ቋንቋውን ማጥናት እንዳለበት ያወቁት እነዚያ ካርዲናሎች ነበሩ።

ቃሉ የቆሸሸው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ መንግሥቷ የሕዝብ መረጃ ኮሚቴ የሚባል አቋቋመ፤ 75,000 ያህል በጎ ፈቃደኞች በየሲኒማ ቤቱ የአራት ደቂቃ ንግግር እያደረጉ ሕዝቡን ለጦርነቱ አነሣሡ። በኮሚቴው ውስጥ ከሠሩት አንዱ ኤድዋርድ በርኔይስ በ1928 «ፕሮፓጋንዳ» የሚል መጽሐፍ ጻፈ፤ ሆኖም ቃሉ በጦርነቱ ምክንያት መጥፎ ስም ስላተረፈ ለሥራው መጠሪያ «የሕዝብ ግንኙነት» የሚለውን መረጠ። በ1933 የጀርመን ናዚዎች «የሕዝብ ማብራሪያና ፕሮፓጋንዳ» የሚል ሚኒስቴር ሲያቋቁሙ የቃሉ ዕጣ ተቆረጠ። የሮማው ጉባኤ እንኳ በ1967 ስሙን ለወጠ። ለፋፊ በእኛ አገር የደረሰበት ውርደት በዚያም አገር በዚህ ቃል ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ወደ አማርኛ ስንመለስ፣ በጠላት ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የፋሺስቱ አስተዳደር «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ያሳትም ነበር። በሱዳን በኩል ደግሞ እንግሊዞች «ባንዲራችን» የተባለውን ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር፤ ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር የመራውም ክፍል በግልጽ የፕሮፓጋንዳ ክፍል ይባል ነበር። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ማኅተም ያለበት ወረቀት በአውሮፕላን ሲበተን፣ በእንግሊዞቹ ጽሕፈት ቤት ፕሮፓጋንዳ የተባለው ነገር ለአንባቢው አዋጅ ነበር። አንድ ወረቀት በላኪው ዘንድ አንድ ስም፣ በተቀባዩ ዘንድ ሌላ ስም ነበረው።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ቃሉ በሌላ በር ገባ። በሶሻሊስት ጽሑፎች ፕሮፓጋንዳ የተከበረ ሙያ ነበር። ፕሌካኖቭ ባስቀመጠውና ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1902 ባስፋፋው አከፋፈል መሠረት፣ ፕሮፓጋንዲስት ብዙ ሐሳብ ለጥቂት ሰዎች ሲያስረዳ፣ ቀስቃሽ ደግሞ አንድ ሐሳብ ለብዙ ሰዎች ያደርሳል። «ቅስቀሳ» የሚለው የአማርኛ ቃል በዚህ ትርጉም ጸና። ቀሰቀሰ ማለት የተኛን ማንቃት ነው፤ ጎረቤቱ «ቆሰቆሰ» ግን እሳት መነካካት ነው። አማርኛ ተናጋሪ የሁለቱን ልዩነት በአንድ የአናባቢ ለውጥ ያውቃል፤ ቀስቃሾቹ ሁሉ ያውቁት ነበር ለማለት ግን ያስቸግራል። በዚያው ዘመን የራስ ወገን ሥራ «ማስታወቅ» ወይም «ማንቃት»፣ የተቃዋሚው ሥራ ግን «ፕሮፓጋንዳ» መባሉ እየተለመደ መጣ። እስከ ዛሬ የቀረልንም ይኸው ልማድ ነው፤ ፕሮፓጋንዳ ሁልጊዜ የሌላው ሰው ንግግር ነው።

4. የገበያው ቋንቋ

ገበያ በአማርኛ ጥንታዊና ሀብታም የቃላት ቤተሰብ አለው። «ተገበያየ» የሚለው ግስ የተደራራጊ መልክ አለው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊገበያይ አይችልም። «ግብይት» የሚለው ስምም ከዚሁ የተገኘ ስለሆነ ሁለት ወገን እንዳለ በውስጡ ይናገራል። «ደንበኛ» የሚለው ቃል ከ«ደንብ» የወጣ ሲሆን፣ ሥርዐቱን ጠብቆ የሚመላለስ ገዢን ያመለክታል። ሻጭ በሰፈረው ላይ የሚጨምረው «ምርቃት» ይባላል፤ ስሙ ከበረከት የተወሰደ ነው። ማርና ቅቤ ሻጭ ገዢውን ያስቀምሳል፤ ገዢውም ወደ ሚቀጥለው መደብ ሄዶ የሌላውን ይቀምሳል። ሻጩ ዕቃውን ማሞገሱ የታወቀ ስለሆነ ማንም እንደ ምስክር ቃል አይቀበለውም፤ የጎረቤቱ ሻጭ ድምፅም በዚያው ጊዜ ይሰማል።

የዘመኑ ማርኬቲንግ በመሠረቱ የዚህ ልማድ መስፋት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በዩኒቨርሲቲ ሊሰጥ የጀመረው ይህ ትምህርት መሸጥን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ምን እንደሚመረት፣ በምን ዋጋ፣ በየት ቦታና በምን መንገድ እንደሚቀርብ ገዢውን በማጥናት የሚወስን ሥራ ነው። የንግድ ማስታወቂያ የዚህ ሥራ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ አድርጎ መውሰድ ክፍልን ከሙሉ ጋር ማምታታት ነው። ጥሩ ማርኬቲንግ የሚጀምረው በመጠየቅ ነው፤ ማስታወቂያ የሚጀምረው በመናገር ነው።

ስያሜው ብቻውን ግን ተግባሩን አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በእንግሊዝኛ ስሙ «ማርኬቲንግ» የሚለውን ቃል ይዞ ነበር። ሆኖም ገበሬው በኮታ የተመደበበትን እህል በተቆረጠ ዋጋ የሚያስረክብበት አሠራር ነበር እንጂ ሁለት ወገን የሚነጋገርበት ገበያ አልነበረም፤ የኮታው ሥርዐት የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው። በአንጻሩ ደግሞ ትርፍ ዋና ዓላማው ያልሆነ ግብይት አለ። «ሕይወት ትረስት» የተባለው ኮንዶም ኤች.አይ.ቪ. በተስፋፋበት ዘመን በየሱቁ በአነስተኛ ዋጋ የተሸጠው ማኅበራዊ ማርኬቲንግ በሚባለው ዘዴ ነው። ሰውን ከሞት ለማዳን የገበያን ጥበብ መጠቀም ተችሏል ማለት ነው።

ወሰኑ የሚፈርስበትንም ምሳሌ እንጥቀስ። ቀደም ሲል ስሙን ያነሣነው በርኔይስ እ.ኤ.አ. በ1929 በኒውዮርክ የፋሲካ ሰልፍ ላይ ሴቶች በአደባባይ ሲጋራ እንዲያጨሱና ሲጋራውም «የነፃነት ችቦ» እንዲባል አደረገ። ጋዜጦች ነገሩን እንደ ወሬ ዘገቡት፤ ከጀርባው የትምባሆ ኩባንያ እንዳለ አንባቢው አያውቅም ነበር። ኩባንያው በስሙ «ሲጋራዬን ግዙ» ብሎ ቢሆን ኖሮ የንግድ ማስታወቂያ በሆነ ነበር። ተናጋሪው ተሸሽጎ ሐሳቡ የሌላ ሰው መስሎ ሲቀርብ ግን፣ የሚሸጠው ዕቃ ሲጋራም ቢሆን፣ ሥራው ወደ ፕሮፓጋንዳ ተሻግሯል።

5. ሁለት ረኃቦችና አንድ ቃል

የስያሜው ጉዳይ ስለ ምን እንደሚያሳስበን የሚገልጹ ሁለት ዘመናት በራሳችን ታሪክ ውስጥ አሉ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሰው በረኃብ ሲያልቅ አገሪቱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ነበራት፤ ነገር ግን አላስታወቀም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያመጡት ፎቶግራፍ ከመንግሥት ጋዜጣ ቀድሞ ተናገረ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ርእሱ በአማርኛ «ያልታወቀው ረኃብ» ማለት ነው። «ማስታወቂያ» ከተባለው መሥሪያ ቤት ስም ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል የመሥሪያ ቤቱ መክሰሻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀር፣ ይኸው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ ነገር ግን በረኃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱ ግብዣና ምቾት እየገባ ተቀጥሎበት ነበር። የረኃቡ ምስል እውነት ነበር፤ የግብዣውም ምስል እውነት ነበር። ስለዚህ ፕሮፓጋንዳ የግድ ሐሰት ነው የሚለው የተለመደ አገላለጽ በቂ አይደለም። ያን ምሽት የተሠራው ሥራ ውሸት መፍጠር ሳይሆን ምን ከምን ጋር ጎን ለጎን እንደሚታይ በአንድ ወገን ብቻ መወሰን ነበር።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ በዓል በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ በሰሜን እንደገና ረኃብ ነበር። ያንን ጎን ለጎን የሚያሳይ የአገር ውስጥ ቴሌቪዥን አልነበረም። የኮረም ምስል ለዓለም የታየው በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢ.ቢ.ሲ. ነው። በ1967 ሁለት ምስሎችን ማነጻጸር የፈቀደው ሥልጣን በ1977 ማነጻጸርን ከለከለ፤ መሥሪያ ቤቱ ግን በሁለቱም ጊዜ በስሙ ማስታወቂያ ነበር።

ይሁን እንጂ ለዚያ ዘመን ፍርድ ስንሰጥ ሚዛናዊ መሆን ይገባናል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ፊደል አስቆጥሯል። መጽሐፉ ከፊደሉ ጋር የአብዮቱን ቃላት ያስተምር ነበር፤ ስለዚህ ትምህርትም ፕሮፓጋንዳም ነበር። ነገር ግን ፊደል የቈጠረ ሰው ሌላ ወረቀትም ማንበብ ይችላል። ለሰሚው ማነጻጸሪያ መሣሪያ የሚያስታጥቅ ንግግር መሣሪያውን ከሚነጥቀው ጋር አንድ ሊሆን አይችልም።

6. ቋንቋው ያስቀመጠው መለያ

አሁን ወደ ሰዋስው እንመለስ። «አስታወቀ» የተገነባው «ታወቀ» ከሚለው የተደራጊ ግስ ነው፤ አንድ ነገር እንዲታወቅ አደረገ ማለት ነው። ተናጋሪው አንድ ነው፤ ሰሚው በቃሉ ውስጥ አይታይም። «አስተዋወቀ» ግን «ተዋወቀ» ከሚለው የተደራራጊ ግስ የተገነባ ነው፤ ሁለት ወገኖች እርስ በርሳቸው እንዲያውቁ አደረገ ማለት ነው። ሥሩ አንድ፣ ቅድመ ግንዱም አንድ ሆኖ ሳለ፣ በመካከሉ ያለው ልዩነት የአንድ ወገንና የሁለት ወገን ልዩነት ነው። ነጋዴዎች ዛሬ «ምርታችንን እናስተዋውቃለን» ማለታቸው የጨዋ አነጋገር ነው፤ ሁለት ሰው የሚያስተዋውቅ ሰው የሁለቱንም ስም የመናገር ግዴታ እንዳለበት ግን ሊዘነጉ አይገባም።

ሦስተኛው ቃል «አስተያየት» ነው። እርሱም «ተያየ» ከሚለው ተደራራጊ ግስ በ«አስተያየ» በኩል የመጣ ነው፤ አስተያየ ማለት አንዱን ከሌላው ጋር አቀራርቦ ማየት፣ ማነጻጸር ነው። እንግዲህ በአማርኛ የሕዝብ አስተያየት የሚባለው ሕዝብ የሰማው ነገር ድምር አይደለም፤ ሕዝብ አነጻጽሮ የደረሰበት ነው። መለያችንም ይኸው ነው። ማርኬቲንግ አስቀድሞ የሰሚውን ፍላጎት ይጠይቃል። የንግድ ማስታወቂያ የራሱን ወገን ብቻ ይናገራል፤ ነገር ግን ማን እንደሆነ ይገልጻል፤ የተፎካካሪውንም ድምፅ መዝጋት አይችልም። ፕሮፓጋንዳ ግን ወይ ተናጋሪውን ይሸሽጋል፣ ወይ ሌላውን ድምፅ ያጠፋል፣ ወይ ማነጻጸሩን ራሱ ሠርቶ የተዘጋጀ ፍርድ ያቀርባል። ሦስቱም መንገዶች የሚገናኙት በአንድ ነጥብ ነው፤ ሰሚው ራሱ እንዳያስተያይ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ነጋዴም ፕሮፓጋንዳ ሊሠራ ይችላል፤ መንግሥትም ማስታወቂያ ብቻ ሊናገር ይችላል። ወሰኑ የሚለካው በተናጋሪው ማንነት ሳይሆን ለሰሚው በሚተወው ስፍራ ነው።

7. የስያሜ ሐሳብ

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የንግድ ማስታወቂያን ከሕዝብና ከግል ማስታወቂያ ጋር በአንድ ስያሜ ሥር አጠቃሎታል። ለሕግ ሥራ ይህ ይበጅ ይሆናል፤ ለመዝገበ ቃላት ግን አይበቃም። ከዚህ በላይ በተመለከትነው መሠረት የሚከተለውን እናቀርባለን።

ማስታወቂያ፦ ሰሚውን ለማግባባት ሳይሆን አንድን ነገር እንዲያውቅ ብቻ በይፋ የሚነገር ወይም የሚለጠፍ ቃል።

የንግድ ማስታወቂያ፦ ባለቤቱ የታወቀ፣ ዕቃን ወይም አገልግሎትን ለማሻሻጥ የሚነገር ቃል። «የንግድ» የሚለው ቅጽል እንዳይጣል እናሳስባለን።

የግብይት ሥራ (ማርኬቲንግ)፦ የገዢን ፍላጎት አጥንቶ ምርትን፣ ዋጋን፣ አቅርቦትንና ማስተዋወቅን የማቀናጀት ሙያ። «ግብይት» ብቻውን የመሸጥና የመግዛት ድርጊት ስም ሆኖ ይቆይ።

ፕሮፓጋንዳ፦ ሰሚው ሌላ ሐሳብ አነጻጽሮ እንዳይፈርድ ተናጋሪን፣ ማስረጃን ወይም ተቃራኒ ድምፅን በመሸሸግ አንድን አመለካከት የማስፋፋት ሥራ፤ የተነገረው እውነትም ሆነ ሐሰት።

በመጨረሻው ብያኔ ውስጥ «የጠላት» የሚል ቃል አላስገባንም፤ ወደ ፊትም እንዳይገባ እንማጸናለን። ፕሮፓጋንዳን የሌላው ሰው ንግግር ብቻ አድርጎ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት ራሱ ፕሮፓጋንዳ ሆኗልና። የቃላት ባለሙያ ሕዝብ ምን እንዲያስብ የመወሰን ሥልጣን የለውም፤ የሚነገረውን ለይቶ የሚጠራበትን ስም የማቅረብ ግዴታ ግን አለበት።